ኮምፒውተር ውስጥ የገባው መናኸሪያ

ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ወጣት ከጎኑ ለተቀመጡ እናት ያስረዳል።

«ስልጠና ወስጄ መጣሁ፣ እማማ። ሲሙሌሽን ይባላል። የወልቂጤን መናኸሪያ ልክ እንዳለ ኮምፒውተር ውስጥ ሠራሁት፤ መኪናው ይገባል፣ ሰው ይሰለፋል፣ ይሳፈራል።»

«ታዲያ ምን አሳየህ?»

«አሁን ያሉት መኪኖች ይበቃሉ። ማንም ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆምም። ነገ ለኃላፊዎቹ አቀርበዋለሁ።»

«ጎበዝ! ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባውንስ ሰው ቆጥረኸዋል?»

«እሱን ረሳሁት።»

«የጉራጌ ልጅ ሆነህ መስቀልን?»

«ዛሬውኑ አስገባዋለሁ፣ እማማ። አንድ ቁጥር መቀየር ነው።»

«ስታስገባው ታዲያ ባዶ እጁን እንዳይሆን፤ ጭነቱ ከሰውየው ይበልጣል።»

አምና ለመስቀል ስመጣ፣ መቀመጫ ጠፍቶ እስከ እምድብር ጭኔ ላይ ተኝታ የመጣችው የማላውቀው ሰው ልጅ ትዝ አለችኝ።