ተደግፎ ያደረው መጥረቢያ

በእኛ ጊዜ ዛፍ ሳይጠየቅ አይቆረጥም ነበር። ትስቃላችሁ፤ ሳቁ። ይሄ የፉሪ ኮረብታ ቤት ሳይበቅልበት ደን ነበር፣ አባቴም ጠባቂው ነበር፤ ሹመት የለው፣ ደመወዝ የለው፣ አገሩ ብቻ የሚያውቀው ጠባቂ። ታዲያ ምሰሶ የፈለገ ሰው ይመጣና ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጎ፣ መጥረቢያውን እዚያው አስደግፎ ይሄዳል። ጠዋት ቆሞ ካገኘው ይቆርጣል፤ ወድቆ ካገኘው ዛፏ እምቢ ብላለች፣ እጁን ሰብስቦ ይመለሳል። እና ማንም አይከራከርም፣ ማንም!

ታዲያ አሁን የቀረችው ይቺ ግቢያችን ያለችው ዝግባ ናት። ይሄ ልጄ ቶሎሳ፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፣ ቆርጫት የሚከራይ ክፍል ልሥራ አለ። "ጠይቃት" አልኩት። "አባባ፣ ዛፍ ስልክ አላት እንዴ?" አለኝ። ግን እንዳልቀየመው አስደገፈ። ጠዋት ወድቋል። "ነፋስ ነው!" አለ። በማግስቱም አስደገፈ፤ ወድቋል። "ድመት ናት!" አለ። በሦስተኛው ተናደደና መጥረቢያውን ከግንዱ ጋር በሽቦ ጠፍንጎ አሰረው። "እስቲ አሁን ትጣለው!" ጠዋት ሽቦው እንደታሰረ ነው፣ ቋጠሮው አልተነካም። መጥረቢያው ግን መሬት ላይ ነው፤ ስለቱን ወደ ቤታችን አዙሮ። እና የመጥረቢያው ራስ በዚያ ሽቦ አያልፍም፤ ስሙኝ፣ አያልፍም! ይሄ ልጄ ደግሞ እልኸኛ ነው፤ ነገ ባለ ሞተር መጋዙን ቀጥሯል።

ስለዚህ ዛሬ ልናገር። አባቴ ሊሞት ሲል ጠራኝና "መጥረቢያውን የምጥለው እኔ ነኝ" አለኝ። "ዘር ለምታፈራዋ፣ ምንጭ ዳር ለቆመችዋ፣ ጎህ ሲቀድ እየዞርኩ እጥልላታለሁ። ከእንግዲህ ያንተ ሥራ ነው።" አያችሁ፣ ደኑ የኖረው እንደዚያ ነው።

"አባባ! ለካ አንተ ነህ!" ቶሎሳ ከት ብሎ ሳቀ።

"የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን፣ አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ሦስተኛውስ?"

"ያን ጊዜማ ጎፋ፣ እኅትህ ቤት ነበርኩ። ረሳኸው? ራስህ አድርሰኸኝ፣ በማግስቱ ራስህ መጥተህ ወሰድከኝ።"

ቶሎሳ ሳቁን አቆመ። ዝግባዋን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ሄሎ፣ ወንድሜ፣ ነገ እንዳትመጣ። አይ፣ የዋጋ ነገር አይደለም፤ ተከለከልን። ማን ከለከላችሁ አልክ? ... እኔ ምን አውቄ!"