በስልክ ገመድ የመጣው ምስል

ሰው ለረጅም ዘመን የሠራበትን ዕቃ እንደ ልጁ ይወዳል፤ ዕቃው ሲነቀፍም ልጁ የተሰደበ ያህል ይከፋዋል። በአንድ ትልቅ የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩት ጋሽ ኮአክስ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ይህ መቼም እውነተኛ ስማቸው አይደለም። የካሜራ ምስል የሚሄድበትን፣ ኮአክሲያል የሚባለውን ወፍራም ክብ ገመድ ሲያመሰግኑ ውለው ስለማይጠግቡ ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸው ቅጽል ነው። እሳቸውም አልጠሉትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ኮአክስ የዚሁኑ ገመድ ትልቅ ጥቅል ሊገዙ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገቡ። ባንኮኒው አጠገብ አንዲት ወጣት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ዞር ስትል የእህታቸው ልጅ ሆና አገኟት። ልጅቷ ከሦስት ዓመት በፊት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣች ‘ከእርስዎ ጋር ልሥራ’ ብላ ለምናቸው ነበር። እሳቸው ግን ‘ደብተር የያዘ እጅ ፒንሳ አይዝም’ ብለው በሳቅ ሸኝተዋታል። ከዚያ ወዲህ በደንብ ተያይተው አያውቁም፤ እሷ ሌላ ቦታ ሥራ ይዛ፣ ካሜራ በመትከል ትተዳደራለች።

“እንዴ፣ አንቺ ልጅ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ደህና አደሩ አጎቴ? የሥራ ዕቃ ልወስድ ነው።” ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው።

መዳፏ ላይ አውራ ጣት የማያክሉ ሁለት ጥቁር ነገሮች አዩ። በአንድ ጫፋቸው ካሜራ ላይ የሚሰካ ክብ መሰኪያ፣ በሌላው ጫፋቸው ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አሏቸው።

“ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የጆሮ ጌጥ?”

“ባሉን ይባላል፣ አጎቴ።”

“እነማን ምን ባሉን?”

ባለሱቁ እስኪያስለው ሳቀ። ልጅቷም ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ጋሽ ኮአክስ ቀልዳቸው ስለሠመረላቸው ደስ ብሏቸው ወደ ባለሱቁ ዞሩና “ለእኔ ደግሞ ሦስት መቶ ሜትር፣ ያንን ደንዳናውን” አሉ።

“ምን ገጥሞዎት ነው ያን ያህል?” አለች ልጅቷ።

የገጠማቸው ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። የግቢው የኋላ በር በሞተር የሚንሸራተት ከባድ ብረት ነው። በሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠችው ጸሐፊ ናት፤ ካሜራው የሚልክላትን ምስል እያየች ቁልፉን ትጫናለች። በሩ ዘንድ ያለው ካሜራ ከቢሮው ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ይርቃል። ያለፈው ሳምንት ትልቁ መጋዝ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ወፍራም መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይንከባለሉ ጀመር፤ ምስሉ ጠፋ። ጸሐፊዋ መንገዱ ነጻ መስሏት ቁልፉን ተጫነች። ዘበኛው ግን በሩ የሚሄድበት ሐዲድ ውስጥ የገባ የእንጨት ቁራጭ ለማንሳት ጎንበስ ብሎ ነበር። በሩ ክንዱን ስቶ የኮቱን እጅጌ ከትከሻው ገንጥሎ ወሰደው።

“አንዲት ስንዝር ነበር የቀረችው” አሉ ጋሽ ኮአክስ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። “ጸሐፊዋ እስካሁን ቁልፉን ለመጫን ታመነታለች። እኔም አሮጌውን ገመድ አውጥቼ አዲስ ልዘረጋ ነው። ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ በደለል ስለተደፈነ ግን የግቢው ኮንክሪት መሰበር አለበት። ሰባሪዎቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ።”

“ኮንክሪቱ ሲሰበርስ የጭነት መኪናዎቹ በየት ያልፋሉ?”

“አያልፉማ። ሳምንት ሥራ ይቆማል። የቀን ሠራተኛው ቤቱ ይቀመጣል።” ተነፈሱ። “ምን ይደረግ?”

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና “ከቢሮው እስከ ዘበኛው ቤት ሌላ ገመድ የለም?” ብላ ጠየቀች።

“የድሮ የስልክ ገመድ አለ። ሁሉም ሰው ሞባይል ከያዘ ወዲህ ማንም አልነካውም።”

“እንግዲያው ይሄን ጥቅል ለዛሬ አይግዙ። እኔ እስከ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፤ አብሬዎት ልሂድ።”

አንባቢ ሆይ፣ ጋሽ ኮአክስ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደመሰለ መገመት አያዳግትም። ቢሆንም የእህት ልጅ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላነጋገሯት መሆኑም ከንክኗቸዋል። ባለሱቁን ‘ቆይተን እንመለሳለን’ ብለውት አብረው ወጡ።

በመንገድ ላይ ክርክሩ ተጀመረ።

“ልጄ፣ እስቲ ረጋ ብለሽ ንገሪኝ” አሉ። “የእኔ ገመድ መሐሉ መዳብ ነው፣ ዙሪያውን በሽቦ መረብ ተሸፍኗል፣ ላዩ ላይ ጎማ ለብሷል። ይሄ ሁሉ ልብስ ለብሶ መጋዙ ካስቸገረው፣ እርቃኑን የሆነ የስልክ ክር ምን ሊሆን ነው?”

“ጥያቄዎ ትክክል ነው፣ አጎቴ። እኔም መጀመሪያ ስማር አላመንኩም። የእርስዎ ገመድ ረብሻውን በልብስ ይከላከላል። ልብሱ ሲያረጅ፣ ውሃ ሲገባው፣ ወይም በሁለቱ ጫፎች ያለው፣ አርዝ የሚባለው የመሬት መስመር እኩል ሳይሆን ሲቀር፣ ረብሻው በዚያው በልብሱ በኩል ይገባል። የስልኩ ገመድ ግን በልብስ አይደለም የሚከላከለው።”

“በምን ታዲያ? በጸሎት?”

“በመጠማዘዝ።” ቆም አለች። አንድ ክፍት የጭነት መኪና እየተንገጫገጨ አለፋቸው። “ያንን መኪና ያዩታል? እርስዎና እኔ ላዩ ላይ ቆመናል እንበል። እርስዎ ከእኔ በአንድ ራስ ይረዝማሉ። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ምን እንሆናለን?”

“እንዘላለና።”

“ሁለታችንም እኩል?”

“አንድ መኪና ላይ እስከሆንን ድረስ እኩል።”

“በቁመት ያለን ልዩነትስ ይለወጣል?”

“አይለወጥም። ብትዘይም ያው አጭር ነሽ።”

“እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ሳቀች። “እንግዲህ ካሜራው ጋ ያለው ባሉን ምስሉን በሁለት ሽቦ ይከፍለዋል፤ በአንዱ ሽቦ ከፍ ሲል በሌላው ዝቅ ይላል። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በእርስ ስለተጠማዘዙ በየስንዝሩ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የመጋዙ ረብሻ አንዱን ለይቶ ሊመታ አይችልም። ሁለቱንም እኩል ያዘልላቸዋል። ቢሮው ጋ ያለው ባሉን ደግሞ የሚያነበው ልዩነታቸውን ብቻ ነው። ዝላዩን አያየውም።”

መስማት ግን ማመን አይደለም፤ ሽማግሌ በቃል ተረትቶ በልቡ ሳይረታ ብዙ መንገድ ይሄዳል። “እስቲ ስክሪኑ ይመስክር” አሉ ጋሽ ኮአክስ።

ግቢው ሲደርሱ ዘበኛው አንድ እጅጌው በሌላ ጨርቅ የተጣፈ ኮቱን ለብሶ የእግረኛውን ትንሽ በር ከፈተላቸው። ልጅቷ አንዱን ባሉን ካሜራው ላይ ሰካች፤ ከስልኩ ገመድ አንድ ጥንድ፣ ሰማያዊውንና ነጭ በሰማያዊውን፣ መርጣ በብሎኖቹ አሰረች። ጋሽ ኮአክስም ካቻቢቴ እያቀበሏት የምትሠራውን በጎን ዓይን ያዩ ነበር። የማትቸኩል እጅ ናት። ቢሮ ገብተውም የዚያኑ መስመር ሌላ ጫፍ ከስልኩ ሳጥን አውጥታ በሁለተኛው ባሉን ከስክሪኑ ጋር አገናኘች፤ ‘የመደመር ምልክቱ ከመደመሩ፣ የመቀነሱም ከመቀነሱ’ እያለች ለራሷ ታንሾካሽካለች።

ምስሉ መጣ። ጥርት ያለ ነበር። ጸሐፊዋ እጇን አጨበጨበች።

በዚያው ቅጽበት ግን ትልቁ መጋዝ ተነሳ፤ እነዚያው መስመሮች ስክሪኑ ላይ ተንከባለሉ። ከቀድሞውም የባሱ ነበሩ።

“አላልኩሽም?” አሉ ጋሽ ኮአክስ። “የስልክ ገመድ ለወሬ ነው የተፈጠረው፣ ለምስል አይደለም!”

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። ብሎኖቹን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ ሌላውን ጥንድ ሞከረች። ያው ነው። “መሆን አልነበረበትም” አለች ቀስ ብላ። “አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጊዜዎን አባከንኩ። ሰባሪዎቹ ይምጡ።” ዕቃዋን ወደ ቦርሳዋ መክተት ጀመረች።

ጋሽ ኮአክስ አሸንፈዋል። ግን ድሉ አልጣማቸውም። ልጅቷ በመንገድ ላይ ያለችው ነገር አእምሯቸው ውስጥ ይመላለስ ነበር። ‘አንድ መኪና ላይ እስከሆንን ድረስ እኩል’ ብለው የመለሱት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ መኪና ላይ ቢሆኑስ? አንዱ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ደልዳላ መሬት ላይ ቢሆን?

ይህን ሲያስቡ አንድ ነገር ድንገት ትዝ አላቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ከባድ መኪና መጋዙ ቤት አጠገብ የስልኩን ቱቦ ሰብሮ ገመዱ ተቆርጦ ነበር። የቀጠሉት እሳቸው ናቸው። ቸኩለው ስለነበር አንዳንዱ ሽቦ አጥሮ አልደርስ ሲላቸው፣ ሰማያዊውን ከብርቱካናማው፣ የደረሰውን ከደረሰው አገናኝተው በናስትሮ ጠቅልለው የመገጣጠሚያውን ሳጥን ዘጉት፤ የቢሮውንም ጫፍ ስልኩ እንዲሠራ በዚያው ልክ አቀያየሩት። ስልኩ ይሠራ ስለነበር ማንም ምንም አላለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጋሽ ኮአክስ ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው አልነበረም። ልጅቷ አፍራ ትሄዳለች፤ ነገ ኮንክሪቱ ይሰበራል፤ ስማቸውም እንደተከበረ ይኖራል። የሠሩትን ስህተት ወጣት ፊት አውጥቶ መናገር፣ ያውም ሙያ የለሽም ብለው በሸኟት ልጅ ፊት፣ ለሽማግሌ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አረፈ፤ ከሚንከባለሉት መስመሮች ጀርባ የተጣፈ እጅጌ ያለው ሰው እንደ ጥላ ይታያል።

“ቆይ፣ ቦርሳሽን አትዝጊ” አሉ።

“ምነው አጎቴ?”

“ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። የባሉንሽም አይደለም። መጋዙ ቤት ጋ አንድ መገጣጠሚያ አለ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጥንዶቹን አቀያይሬያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሽቦ በአንድ መኪና፣ ሌላው በሌላ መኪና ነው የሚሄዱት።”

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየቻቸው። “ይሄንን እንዴት አወቁት?”

“አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ?”

ሄደው ሳጥኑን ከፈቱ። ናስትሮው ደርቆ እንደ ቅጠል ረገፈ። እንደተናገሩትም ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ኮአክስ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካክለው ተንበረከኩ፤ ላጠሩት ሽቦዎች ከዚያው ዓይነት የተጠማዘዘ ገመድ ቁራጭ ቀጥለው፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊው፣ ብርቱካናማውን ከብርቱካናማው፣ ነጮቹንም ከየጓደኛቸው አገናኙ። ልጅቷ መብራት ይዛ “የተጠማዘዘውን እስከ ጫፉ አይፍቱት፤ በፈቱት ቁጥር መከላከያው ይቀንሳል” አለቻቸው። “እሺ” አሉ። እሺ ማለታቸውን ሁለቱም ልብ አሉት።

ቢሮ ተመልሰው የዚያኛውንም ጫፍ ሲያስተካክሉ ትልቁ መጋዝ እየጮኸ ነበር። ስክሪኑ ግን ጸጥ ብሏል። የበሩ ሐዲድ፣ የመኪናው ጎማ፣ መሬት ላይ የወደቀው ልጣጭ ሳይቀር ይታያል። ጸሐፊዋ ተጠግታ አየችና ስልኳን አንስታ ዘበኛው ጋ ደወለች።

“ጋሼ፣ የሸሚዝዎ ቁልፍ ተዛንፏል።”

ዘበኛው ስክሪኑ ላይ ሆኖ ደረቱን ሲያይ፣ ደንግጦም ወደ ካሜራው ቀና ሲል፣ ቢሮው በሳቅ ሞላ። ቀጥሎ አንድ መኪና መጣ። ጸሐፊዋ አየች፤ ዘበኛው ከሐዲዱ ራቅ ብሎ መቆሙን አረጋገጠች፤ ቁልፉን ተጫነች። በዚህ ጊዜ አላመነታችም።

የግቢው ሥራ አስኪያጅ ሰምታ መጣች። “ጋሼ፣ ታዲያ ሰባሪዎቹስ?” አለች።

“ይቅሩ” አሉ ጋሽ ኮአክስ። “ሥራውን የሠራችው የእህቴ ልጅ ናት። ያዘገየኋት እኔ ነኝ፤ መገጣጠሚያውን ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ።”

“ያገኙትም እሳቸው ናቸው” አለች ልጅቷ ፈጠን ብላ።

“የስልክ ገመድ ነው? ያስተማምናል?” አለች ሥራ አስኪያጇ።

ጋሽ ኮአክስ ራሳቸው መለሱ፤ የጠዋቱን ተከራካሪ ለሰማ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። “ግቢው አይቆፈርም፣ ሥራ አይቆምም። አንድ ወፍራም ገመድ በሚሄድበት ቱቦ የአራት ካሜራ ቀጭን ገመድ ይሄዳል። ክብደት የለውም፣ ማዕዘን ላይ እንደልብ ይታጠፋል። መጋዝ ቢነሳ፣ ሞተር ቢያጉረመርም ግድ የለውም፤ ብቻ ጥንድ ከጥንዱ አይለይ።” ወደ ልጅቷ ዞሩ። “የረሳሁት አለ?”

“ርቀቱ። ከዚህ እጅግ ከራቀ እነዚህ ትንንሾቹ አይበቁም፤ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚታገዝ ባሉን ያስፈልጋል። ደግሞም ወፍራሙ ገመድ አይጣልም፤ ደህና በሆነበትና ቅርብ በሆነበት ቦታ መልካም ገመድ ነው።”

“ሰማችሁ? መልካም ገመድ ነው!” አሉ ጋሽ ኮአክስ ጣታቸውን አንስተው፤ ሁሉም ሳቁ።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ እንደወትሮው ሥራው ላይ ዋለ። ጋሽ ኮአክስ ግን በዚያ አላበቁም። የእህታቸውን ልጅ አስፈቅደው፣ በዘመናቸው በግቢው የሠሯቸውን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ከእሷ ጋር አንድ በአንድ ከፈቱ። አሥራ አንድ ሳጥን ነበር። ዘጠኙ እንከን አልተገኘባቸውም፤ ልጅቷም “ይሄን የመሰለ አሠራር ትምህርት ቤት አላየሁም” ብላ አመሰገነቻቸው። ሁለቱ ግን ተበላሽተው ተገኙ። እነሱን ጋሽ ኮአክስ ማንም እንዳይነካባቸው ከልክለው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው በገዛ እጃቸው እንደገና ሠሯቸው።