የልጅህ ዳይሬክተር

ሄሎ! … አቤት፣ ማን ልበል? … ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ ወንድሜ! በማን ስልክ ነው የደወልከው? … እሺ፣ እሺ።

— የለም፣ ደህና አይደለሁም። … ድምፄማ ይዘጋ እንጂ! የጮኸው ሌላ፣ የተዘጋው ድምፅ የኔ! … አንድ ወላጅ ነዋ። ዛሬ ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ሳለ እየሮጠ መጣና የጋውኔን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘኝ። … አዎ፣ እኔን! ዳይሬክተሯን! … ምን በደልኩት? ሴት ልጁን ከኋላ አንስቼ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳታ። ሰሌዳው አይታያትም። ዓይኗን ሐኪም አሳዩአት ብዬም ወረቀት ላኩ። እሱ ሆዬ «ልጄን ዕውር አልሽብኝ» ብሎ ወረቀቷን ቦጫጭቆ ፊቴ ላይ በተናት!

— ቆይ አንዴ፣ ጸሐፊዬን ላናግራት… አንቺ፣ በሩን ዝጊልኝ እስቲ! ማንም ቢመጣ የለችም በይ!

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? … ጥበቃውማ ቆሞ ያያል። መምህራኑ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ «ተው» የሚል ይጥፋ? አንጀቴን ያሳረረኝ እሱ ነው! … በዚህ ወር ሦስተኛው እኮ ነው። ድሮ ጠዋት ጠዋት እየበረርኩ ነበር የምገባው። አሁን የግቢውን በር አልፌው እሄድና ተመልሼ ነው የምገባው። … ሥራውን ልልቀቅ? እንጃ… ልጆቹ ያሳሱኛል።

— ተወው በቃ። አንተስ፣ በሰላም ነው? … የምን ማመልከቻ ነው የምጽፍልህ? … በልጅህ ዳይሬክተር ላይ? ምን አድርጋ? … ልጅህ አርፍዳ መጣችና ዳይሬክተሯ በር ላይ አቆመቻት። እሺ፣ ከዚያስ? … ሄድክና? … ሄድክና ምን አደረግክ?! … ጠረጴዛዋን መታህ። … ብርጭቆዋ ተሰበረ። … ልጅህ እያየች?

— «ብርጭቆ ብቻ ነው» አትበለኝ! … እሷ ምን አደረገች? … ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች! አጥፍታ መሰለህ የለቀመችው? እኔም ዛሬ የተቦጫጨቀውን ወረቀት ስለቅም ነበር!

— እንዳንቺ አይደለችም? በምን አወቅክ! የዛሬውም ሰውዬ እህት አትጠፋውም፤ ማን ያውቃል፣ እሷም ዳይሬክተር ትሆናለች። ማታ ቤቷ ሄዶ «ያንቺ ሌላ ነው» ይላታል!

— አታቋርጠኝ! ማመልከቻ አልጽፍም። ነገ ጠዋት ልጅህን ይዘህ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠብቀኝ። ልጅህ ፊት ነው የደነፋህባት፣ ልጅህ ፊት ይቅርታ ትላታለህ። እኔም አጠገብህ እቆማለሁ። … አታዋርጂኝ? ገና ምን አይተህ!

— ሥራዬ? የምን ሥራ? ለቅቄያለሁ። … አሁን ነዋ፣ ካንተ ጋር ሳወራ! … አልቀለድኩም። ያ ሰውዬማ ቢያንቀኝም አያስለቅቀኝም ነበር፤ ባዳ ነው። ያስለቀቅከኝ አንተ ነህ። በል፣ ልዝጋው።