ኖራ የቀባሁት ጣሪያ

ጦርነቱ ወደ ድሬ በተጠጋበት ሰሞን የኔ ጭንቀት ሙቀት ነበር። ባለቤቴ አራስ ናት። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ሕፃኗ ሰውነቷ በሽፍታ እየተሞላ ታለቅሳለች። ኮርኒስ ማሠራት አቅሜ ስላልሆነ ነጭ ቀለም ፀሐይ ይመልሳል ብዬ ኖራ በጨው በጥብጬ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ለቀለቅሁት። ወርጄ ንጣቱን ሳደንቅ ጎረቤታችን አዴ ሰሚራ ከግቢያቸው ብቅ አሉ።

«አቦ፣ ምን ነካህ? አውሮፕላኑ ሲመጣ እዚህ ነን ልትለው ነው?»

ላጥበው ባልዲ ሳነሳ፣ «ተው፣ ውሃው ለአራሷ ይሁን» አሉና በኦሮምኛም በሶማልኛም ሰፈሩን ጠሩት። ሊሰድቡኝ ነው ስል አንዱ ጭድ፣ ሌላው አሮጌ ጆንያ ይዞ መጣ። ንጣቱን በጭቃ ሊሸፍኑልኝ ነው። የኔ ግቢ ግን አሸዋ ብቻ ነው፤ ጭቃ አይወጣውም። አዴ ሰሚራ የገዛ የቲማቲም መደባቸውን በዶማ አስቆፈሩ። ጆንያውን ጣሪያው ላይ ዘርግተን ያንን አፈር ከጭዱ ጋር በእጣቢ ውሃ አቡክተን መረግነው። በማግስቱ ቀትር ላይ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ልጄም እንቅልፍ ወስዷታል።

ዝናቡ ሲመጣ ጣሪያዬ ላይ ቲማቲም በቀለ። የመጀመሪያውን ፍሬ ቀጥፌ ወሰድኩላቸው።

«መደቤን ሰማይ ላይ ሰቀልክብኝ!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቢላ አምጥተው ለሁለት ከፈሉትና ትልቁን ግማሽ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት፤ «ለምታጠባዋ።»