ላልታመምኩት በሽታ
አከራዬ እትዬ አማረች ክፍሌን ሲጠርጉ ከትራሴ ስር ኪኒን አገኙ። “ልጄ፣ ቫይረሱ እንዳለብህ ለምን ደበቅከኝ?” አሉኝ። መልኩ ታማሚዎች ከሚወስዱት ጋር ቢመሳሰልም፣ ኪኒኑ ኤችአይቪ እንዳይዘኝ የምወስደው መከላከያ ነው። ይህን ብናገር ግን “አንተን ምን ያሰጋሃል?” ማለታቸው አይቀርም፤ ያኔ ወንድ ተብዬ ያደግኩ፣ ወንድ የምወድ ሴት መሆኔን ልነግራቸው ነው። ሶዶ ላይ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ኪኒኑን ተቀብዬ ትራሴ ስር መለስኩት።

ሦስት ቀን ጾመው ጸለዩልኝ፤ ከዚያ እጄን ይዘው ወስደው አስመረመሩኝ። ነጻ ነህ ተባልኩ። “ጌታ ፈወሰህ” ብለው እያለቀሱ አቀፉኝ፤ ኪኒኑንም ሽንት ቤት ጨመሩት። እሁድ ቸርች ውስጥ አስመሰከሩኝ፤ ሕዝቡ እልል አለ። ሰኞ ከጤና ጣቢያ ሌላ ኪኒን ተቀበልኩ። ቤት ስለማልወስደው “አስቀምጥልኝ” የምለው ሰው ፈለግኩ። እልል ካሉልኝ ሁሉ አንድ ሰው አጣሁ።