የጋሼ ሰዲቅ የመብራት እንጨት

ጋሼ ሰዲቅ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ የጎረቤታቸውን ልጅ ሒክማን በራቸው ላይ አንጋጣ ቆማ አገኟት። ሒክማ በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቃ ወደ ሸዋ ሮቢት ከተመለሰች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው። ዓይኗ ያረፈው ከጣሪያቸው ጠርዝ ጋር በሽቦ በታሰረችው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ነበር፤ የመብራቱ ገመድ ከመንገድ ወደ ቤት የሚገባው በእሷ ላይ አርፎ ነው።

«ደህና ዋሉ ጋሼ? ይቺ እንጨት አታሰጋዎትም?»

«ምን ታሰጋኛለች? በእጄ ያቆምኳት ናት! እኔ ስጎብጥ እሷ ቀጥ እንዳለች አለች።»

«ኧረ እሷም ጎብጣለች!»

ጋሼ ሰዲቅን ቅር አላቸው። ሰው ያቆመውን ሲነቅፉበት ራሱን የነቀፉት ይመስለዋል።

«ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው አይነዝርም?» አለች ሒክማ።

«እሱማ ጅን ነው። ባለቤቴን ከዲጃን ቆንጥጧት ቁርኣን አስቀርተንላታል።»

«ቁርኣኑ በረካ ነው፤ ግን ገመዱ ተልጦ ቆርቆሮውን እየነካ ነው። ኮረንቲ ነው ጋሼ! እትዬን አንድ ቀን ይገድላቸዋል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?»

«ወፍራም የብረት ቱቦ ይቁም። ከቆርቆሮው ጋር ሳይሆን ከግድግዳው ጋር በብረት ማቀፊያ ይጠበቅ። ዝናብ እንዳይገባው አናቱ ወደ ታች የተቆለመመ ይሁን። ገመዱ ወደ መንገድ ስለሚስበው ደግሞ በጀርባው ወጣሪ ሽቦ ያሻዋል።»

«ብረት ሆኖ ደጋፊ?»

«ድንኳን ያለ ካስማ ይቆማል?»

ይህን ሲነጋገሩ የግመል ነጂው የሙዐዊያ ግመል ለቤቱ የማሽላ አገዳ ተጭና በግቢው በር ገባች። የጭነቱ አናት ገመዱን ያዘው። ባሕር ዛፏ ሲጥ አለች፤ ቆርቆሮው ተገነጠለ። ጋሼ ሰዲቅ «ቢስሚላህ!» ብለው እንጨታቸውን ሊደግፉ ተወረወሩ።

«እንዳይነኩ!» ስትል ሒክማ ጮኸች።

ሴት ልጅ ጮኻባቸው አታውቅም፤ እንደ ግንድ ደርቀው ቀሩ።

«ሙዐዊያ፣ ሳትጠጋ አንበርክካት!»

ሙዐዊያ ከሩቅ እየጮኸ ለመናት። ግመሊቱ በራሷ ጊዜ ተንበረከከች፤ ገመዱም ከጭነቱ ተላቀቀ። የመብራት ሠራተኞች ተጠርተው ኃይሉን እስኪቆርጡ ማንም ወደ ቤቱ አልተጠጋም።

ጋሼ ሰዲቅ ትንፋሻቸው ሲመለስ «ልጄ፣ ያ ቱቦ ምን ያህል ይረዝማል?» አሉ።

«ግመል ከነጭነቷ የሚያሳልፍ።»

«እንግዲያው ጨምሪበት፤ የሙዐዊያ አጫጫን ልክ የለውም።»

ቱቦው እንደ ደንቡ ቆመ፤ ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦም ተቀበረ። ነፋስ ሲነሣ መብራቱ አይርገበገብም፤ ዝናብ ሲጥልም ቆርቆሮው አይነዝርም። ጋሼ ሰዲቅ ከጁምዓ የሚመለሰውን ሁሉ እያስቆሙ «አሮጌን ማክበር ደግ ነው፤ ቤተሰብን ለአሮጌ እንጨት አደራ መስጠት ግን ድፍረት ነው» ይላሉ።

እትዬ ከዲጃ ይህን ከደጅ ሰምተው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «ምክር መስማት ከጀመሩማ እኔም የምነግራቸው አለኝ።»