ዓመቱ የገጠመ አፎት

ነይ ሮስቪታዬ፣ ተቀመጪ። ዛሬስ የአሮጌ ዕቃ ገበያው አዳራሽ ሞቅ ብሏል፣ ባለፈው ወር ብርዱ አጥንት ይሰብር አልነበር? ቋሊማውን ብይ እንጂ፣ እስኪበርድ አትጠብቂ። በር ላይ የሚጠብሰው ሰውዬ ዛሬ ሰናፍጭ አልቆጠበም። የምሸጣቸውን ሳህኖች ዞር ብሎ የሚያይ እንኳ የለም፤ ገበያተኛው ሁሉ ከፊታችን ያሉት የወታደር ዕቃ ሰብሳቢ ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል። ቢከመር ይገባዋል! እንደሳቸው ያለ አዋቂ በመላው ቱሪንገን፣ ኧረ በመላው ጀርመን ይገኛል?

ቀስ ብዬ ላውራ? ለምን? ሰው ሲመሰገን ቢሰማ ምን ይጎዳዋል...

አየሻቸው ያንን በአፎት የሚንጠለጠል፣ ምሽግ መቆፈሪያ የወታደር አካፋ ሲያነሱ? እንደ አራስ ልጅ ነው የሚያቅፉት። ማህተሙን ሳያዩ፣ አፎቱን አሽትተው ብቻ፣ "ይሄ ከጦርነቱ በፊት የተሰፋ ነው፤ ያኛው ቆዳ ሲያልቅባቸው ከካርቶን ጨምቀው የሠሩት ነው" ይላሉ። አካፋ ላይ ተሳስተው አያውቁም። ሰው ላይ ነው እንጂ... ኧረ ምን አልኩ! ምላሴ ነው።

የአባቴን አካፋ ታስታውሺው የለ? በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቀበቶው ላይ አንጠልጥለው የላኩትን፣ ጦርነቱ ሲያልቅ በእግሩ ይዞት መጥቶ ዕድሜ ልኩን ድንች ያወጣበትን። በመከር ጊዜ፣ የተሠራበትን ዓመት ቢያነቡልኝ ብዬ ወሰድኩላቸው። ትህትናቸውስ! "ትንሽ ቀን ይቆይ፣ ላስተካክልልሽ" አሉኝ። አስተካከሉታ! ለካ አካፋው ላይ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስምንት፣ አፎቱ ላይ አርባ አንድ ተመትቷል። እኛ ቤት ያን ሁሉ ዘመን ሲኖር ማን ልብ ብሎት! አባቴም የሰጡትን ታጥቆ ዘመተ። እሳቸው ግን እንቅልፍ አጡ። የሠላሳ ስምንት አፎት ፈልገው፣ አልብሰው መለሱልኝ። ማን ለማን እንዲህ ይጨነቃል ዛሬ?

እኔ ደግሞ ምን አውቄ፣ ቤት ገብቼ ከአፎቱ ጀርባ ጣቴን ሰደድኩ። አባቴ እዚያ ላይ በምስማር ጭሮ የእናቴን ስም ጽፎ ነበር፣ ኢርምጋርድ ብሎ። ልጅ ሆኜ ፊደል የለየሁት በዚያ ነው። የለም። ልስልስ ያለ ንጹህ ቆዳ...

አሮጌው የት ገባ? ያውልሽ፣ ቀና በይና እዪው፣ ከቀኛቸው ያለው። የአርባ አንድ አካፋ አግኝተውለታል፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ለመንኳቸው፤ የእርስዎን አፎት ይውሰዱ፣ የአባቴን ይመልሱልኝ አልኩ። "ወይዘሮ ጌርሊንዴ፣ የገጠመ ነገርማ አይለያይም" አሉኝ። ደግሞስ እውነታቸውን አይደለም? እናቴ ከአባቴ ሌላ ወንድ ቀና ብላ አታይም ነበር፤ ይኸው ሞታ እንኳ ካልታወቀ ሰው ጋር አጋቧት። ምን ይደረግ፣ ዓመታቸው ገጥሟል!

ለሰው ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ለራሳቸው ቤትም አያዳሉም። ሚስታቸው ናቸው ዳቦ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ያጫወቱኝ። የባልየው ወታደር አያት ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ ነበር አሉ። አያትየው ምን ነካቸው፣ አካፋውን በቀኝ ጎናቸው አንጠልጥለው ተነስተዋል! ደንቡ በግራ ነዋ። ሰውየው ስንት ዘመን ቻሉት መሰለሽ? በመጨረሻ አውርደው መሳቢያ ውስጥ ከተቷቸውና የሌላ ወታደር ፎቶ ሰቀሉ። ስሙን የሚያውቅ የለም። አካፋው ግን በግራ ነው፣ ጠፍሩም የሳንጃውን ሰገባ እንደ ወጉ ይዟል። የቤቱ ልጆች አሁን እሱን ነው አሉ ቅድመ አያታችን የሚሉት... ታድለው!

ወዲህ ዞሩ እንዴ? አይ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው። ይጥረጉ።

እኔኮ አልተቀየምኳቸውም፣ ሮስቪታዬ። ያ ጣቴ ባዶ ቆዳ የነካ ዕለት ብቻ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም። የእናቴን ስም ነው የፈለግኩት፣ ሌላው ሁሉ ለሳቸው ይሁን። ለሰው የሚያስቡ ሰው ናቸው፣ መመረቅ ነው የሚገባቸው።

እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው፤ ሁሉም በሳቸው ይውጡ፣ እንደሳቸው ጠንቃቃ ይሁኑላቸው... ቀናቸው ደርሶ ፎቷቸው ሳሎን የሚሰቀል ጊዜም፣ ቀበቶው የተስተካከለ ሌላ ሰው ፈልገው ይስቀሉላቸው። አሜን በይ እንጂ!